መፋቂያውን አታስጥሏቸው

ጎንደር ውስጥ ታካሚን ስለ ጥርስ ንጽሕና የምታስተምሩ፣ መፋቂያ የለመደን ሰው «ጣለው» አትበሉት። ይልቅ «እስቲ ሲፍቁ ያሳዩኝ» በሏቸው። ያኔ ችግሩ ራሱ ይታያችኋል። አብዛኛው ሰው የሚፍቀው ሲስቅ የሚታየውን ብቻ ነው፤ መንጋጋውና የውስጥ በኩሉ ይረሳል። ጫፉ እስኪለሰልስ ይታኘክ፤ ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ ቀስ ብሎ ይፋቅ። ድዱን መፈግፈግ ያቆስላል።

ማታ ግን ብሩሽና ፍሎራይድ (ጥርስን የሚያጠነክር ማዕድን) ያለው የጥርስ ሳሙና፣ ለ2 ደቂቃ። ከዚያ አረፋውን መትፋት ብቻ። በውኃ ከተጉመጠመጡ ፍሎራይዱ ታጥቦ ይሄዳል። (ይሄን ስትናገሩ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፤ ግድ የለም፣ ድገሙት።) ከ3 ዓመት በታች ላለ ሕፃን የሩዝ ፍሬ የምታህል ሳሙና ትበቃለች፤ የሚቦርሽለትም እናቱ ወይም ሌላ ትልቅ ሰው ይሁን።