የቮልስ ወለል ልትገዙ ነው? መጀመሪያ የወንበሩን ሐዲድ እዩ

አሮጌ ቮልስ የምታድሱ የጎንደር ልጆች፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን ስሙኝ። «ሁሉም ቮልስ አንድ ነው» የሚላችሁን ሻጭ አትመኑ። የወንበሩ ሐዲድ በ1973 እ.ኤ.አ. ሞዴል ላይ ተቀይሯል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መኪና ላይ ከ1973 ወዲህ ያለውን ወለል ካስበየዳችሁ የድሮው ወንበር አይገባም። የካርማን ጊያም (የቮልስ ፋብሪካ ያወጣው የስፖርት መኪና) ወለል ዘመድ ነው፤ ግን ሰፋ ስለሚል ሳይቆረጥ አይሆንም።

ደግሞ ሙሉ ሻንሲ፣ ማለትም ወለሉን ከነመሃል ቱቦው፣ አትግዙ። የሻንሲው ቁጥር የተመታው ከኋላ ወንበር ስር፣ መሃል ላይ በሚያልፈው ቱቦ ላይ ነው። ከሊብሬው ጋር ካልገጠመ ጣጣው ብዙ ነው። ቱቦውን ተዉት፣ ግራና ቀኝ ያለውን ላሜራ ብቻ ቀይሩ።

እኔማ ባለፈው ክረምት የኋላ ወንበሩን ሳነሳ፣ ቀኝ በኩል ከባትሪው ስር ያለው ላሜራ እንደ ድርቆሽ እጄ ላይ ተፈረፈረ፤ በቀዳዳው የጋራዡን ጭቃ አየሁት። አሲዱ ነው የበላው። ግራው ግን በመዶሻ ስመታው ጥሩ ድምፅ ሰጠ፣ ስለዚህ ቀኙን ብቻ ገዛሁ። ሁለቱም ከተበላባችሁ በያጁ አንዱን ጎን በይዶ ሳይጨርስ ሌላውን እንዳይቆርጠው፤ ቱቦው ይጣመማል።