«ሌሊቱን ያለ መብራት ያሞቃል» የተባለው የከሰል ምድጃ ሲያስቸግር፦ ችግርና መፍትሄ

ከኅዳር ጀምሮ ጥምቀት እስኪያልፍ ድረስ፣ ጎንደር ውስጥ ካለችው ብየዳ ቤቴ ስልኩን ዘርግቶ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ቪዲዮው ሁሌም አንድ ነው። በረዶ የከበበው የፈረንጅ ቤት፣ ጥጉ ላይ ጥቁር ምድጃ፣ ከላዩ ከሰል የሚገለበጥበት ሣጥን። ማራገቢያ የለው፣ ሞተር የለው፣ መብራት አይፈልግ። ወፍጮ ቤት እህሉ በራሱ ክብደት እንደሚወርድ ሁሉ ከሰሉም ታችኛው ባለቀ ቁጥር እየወረደ ይነዳል። «ይህንኑ ሥራልኝ» ይሉኛል።

አምና አራት ሠራሁ። አራቱም ተመልሰው መጡ።

ቪዲዮው ዋሽቶ አይደለም። የሚያወራው ስለ ሌላ ከሰል ነው እንጂ። እዚያ የሚነደው አንትራሳይት የሚባል ጠንካራ የድንጋይ ከሰል ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ፔንሲልቬንያ የሚታወቅበት። ተፈጭቶ፣ ተነፍቶ፣ በመጠን ተለይቶ ይሸጣል፤ አንዱ መጠን ከ14 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ነው። እኛ ያለን ደግሞ ከቅዳሜ ገበያ በማዳበሪያ የምንገዛው የእንጨት ከሰል ነው። ከታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ ከዚሁ ልዩነት የሚመጡ ናቸው።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ጉልበት መክዳት

ይህን ያስቀደምኩት ሌላው ሁሉ የገንዘብ ጉዳይ ስለሆነ ነው፤ ይህ ግን የነፍስ ነው። ሻጩ «ጭስ ስለሌለው አይጎዳም» ይላል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ቀልቶ ቁጭ ሲል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ በብዛት ይወጣል፤ ቀለምም ሽታም የለውም። ፍሙ ላይ ብልጭ የምትለዋ ሰማያዊ ነበልባል ይኸው ጋዝ ሲቃጠል ነች። ሳይቃጠል ያመለጠው ወደ ሳንባ ይገባና ኦክስጅን የሚሸከመውን የደም ክፍል፣ ኦክስጅን ከሚይዘው ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል።

እንዴት ይለያል? ጉንፋን ብዙ ጊዜ ትኩሳት አለው፣ አንዱን ይዞ ሌላውን ያቆያል። ይህ ትኩሳት የለውም፤ ቤት ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያማል፣ ደጅ ሲወጡ ደግሞ ቀለል ይላል። እንዲህ ከሆነ ሰዉን ሁሉ ወደ ውጭ ያውጡ፣ ራሱን የሳተ፣ የተደናገረ ወይም ነፍሰ ጡር ካለች ሳትዘገዩ ወደ ሆስፒታል። የሚሰጠው ኦክስጅን ነው። ወተት ማጠጣት፣ ሎሚ ማሽተት፣ ከሰሉ ላይ ጨው መበተን ጋዙን አንዲት ጠብታ አይቀንሱትም። ጨው የበተነ ሰው ተማምኖ ስለሚተኛ እንዲያውም ይብስበታል።

ለምድጃው መላው ቱቦ ነው፤ ጭስ ማውጫ የሌለው ከሰል የነደደበት ክፍል ውስጥ አይተኛም፣ በቃ። ቱቦ ያለውም ቢሆን መስኮት ሁለት ጣት ያህል ይከፈት። ይህን ጋዝ እየለካ የሚጮህ በባትሪ የሚሠራ ደወል አለ፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለዎት ዘንድሮ ጫማው ይቅርና እሱን ያስመጡ።

ሣጥኑ እንደሞላ ነው፣ እሳቱ ግን ጠፍቷል

ሣጥኑን በመዳፍዎ መታ ያድርጉት። «ዷ» ብሎ የሚወርድ ነገር ከተሰማ ከሰሉ የሣጥኑ ጉሮሮ (ወደ እሳቱ የሚወርድበት ቀዳዳ) ላይ እርስ በርሱ ተደጋግፎ ቆሞ ነበር ማለት ነው። የእኛ ከሰል አንዱ ክንድ ያክላል፣ አንዱ ድቃቂ ነው። ረጅሙ ይጋደማል፣ ድቃቂው ክፍተቱን ይደፍናል፣ ከታች ያለው ነዶ ያልቃል። ከሰሉን አውራ ጣት በሚያክል መጠን ሰባብረው ድቃቂውን በወንፊት ያራግፉ። ብየዳው ላይ ደግሞ የሣጥኑ ግድግዳ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ይኑረው። እኔ አሁን ጉሮሮውን ከትልቁ ቁራጭ አራት እጥፍ አድርጌ ነው የምቆርጠው። የመጀመሪያዎቹ ጠባብ ነበሩ፤ ጥፋቱ የራሴ ነው።

ሣጥኑ ራሱ ጋለ፣ በክዳኑ ዙሪያ ጭስ ይወጣል

ይህን አልሸፋፍነውም፤ መፍትሄው ሣጥኑን መተው ነው። አንትራሳይት በቀላሉ አይያያዝም፤ አየር በሚያልፍበት ከታች ብቻ ይነዳል፣ ከላይ ያለው ተራውን ይጠብቃል። የእንጨት ከሰል ግን ቶሎ የሚያያዝ ነገር ነው። ክዳኑ ቅንጣት አየር ካስገባ እሳቱ ሽቅብ ይወጣል፣ ሣጥኑ በጋዝ ይሞላል። እኔ አንድ ቀን «ምን ሆኖ ነው» ብዬ ክዳኑን ብድግ ሳደርግ «ቡፍ!» አለና ቅንድቤን ይዞት ሄደ። ሁለት ወር ሙሉ ደንበኛው ሁሉ ሲስቅብኝ ከረመ።

የተሠራ ምድጃ ቤትዎ ካለ ሣጥኑን ሳይሞሉ ለአንድ ሁለት ሰዓት የሚበቃ ብቻ ይጨምሩ። የጋለ ክዳን በድንገት አይክፈቱ፤ ከታች ያለውን የአየር በር ዘግተው ይጠብቁ።

ጭሱ ወደ ቤት ይመለሳል

«ማራገቢያ አያስፈልገውም» የሚለው እውነት የሚሆነው ቱቦው ሲስብ ብቻ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፣ የቱቦው ስበትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ደባርቅ ሲደርስ የባሰ ነው። ስለዚህ በሁለት ሜትር ቱቦ በግድግዳ አውጥቶ መገላገል እዚህ አይሠራም። ቱቦው ቀጥ ብሎ ይውጣ፣ ጫፉ በሦስት ሜትር ዙሪያ ካለው ጣሪያ ሁሉ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይብለጥ፣ ክርኑ (መታጠፊያው) ይቀነስ። ኮርኒሱን በሚያልፍበት ቦታ ጨርቁም ሆነ እንጨቱ አይንካው። ምድጃው አጠገብ የጣሪያ ቆርቆሮ ጠቅልሎ ቱቦ ማድረግም አይቻልም፤ የተለበጠበት ዚንክ ሲግል ጢሱ ያማል። ላሜራ ይሻላል።

ድንጋይ ከሰል ብናመጣስ?

ይህን የሚጠይቁኝ ጭልጋን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። እውነት ነው፣ ከከተማችን በስተምዕራብ ጭልጋ የድንጋይ ከሰል አለ። ግን ሊግናይት የሚባለው ገና ያልበሰለው ዓይነት ነው፤ ዕድሜው 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆን የፔንሲልቬንያው 300 ሚሊዮን ዓመት ያህል ተጨምቆ ኖሯል። (የጭልጋው አፈር የጥንት ዝሆን ዘመዶች አጥንት የተገኘበት ነው፤ ለእኔ ከከሰሉ ይልቅ እሱ ያስደንቀኛል።) ሊግናይት እርጥበቱ ብዙ፣ አመዱ ብዙ፣ ጭሱ ወፍራም ነው። ፍርግርጉን በአመድ ይደፍነዋል። «የድንጋይ ከሰል ሁሉ አንድ ነው» የሚል ሻጭ ከገጠመዎት ቀሪውን ንግግሩን መስማት አያስፈልግም።

«ግማሽ ይቆጥባል» ተብሎ ነበር፣ ማዳበሪያው ግን እንደ ድሮው ያልቃል

ግማሽ ከምኑ? ላቀች የሚባለው ምድጃ 25 በመቶ ያህል ይቆጥባል ሲባል ከድሮው የቆርቆሮ ማንደጃ ጋር ተወዳድሮ፣ ያውም ወጥ ሲሠራበት ነው። ቤት ለማሞቅ ያ ቁጥር አይጠቀስም። ሦስት ቀን በአሮጌው፣ ሦስት ቀን በአዲሱ ከሰሉን በሚዛን እየመዘኑ ያንድዱ።

ነደደ፣ ግን ቤቱ አይሞቅም

በዚህ ታኅሣሥ አንድ ጋሸ መጡ። «ሁለት ኪሎ ከሰል ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 1 ሰዓት ሳሎኑን ሙሉ ያሞቃል ብሎ ሸጠልኝ» አሉኝ። ከሌላ ሰው የገዙት ነው። ወረቀት አወጣሁ። አንድ ኪሎ ደረቅ ከሰል ውስጥ ያለው ሙቀት ወደ 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ሁለቱ ኪሎ 16። ደህና ምድጃ ከዚህ 60 በመቶውን ቤት ውስጥ አስቀረ እንበል፣ 10 አይሞላም። ለ12 ሰዓት ሲካፈል 800 ዋት። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይስባል፤ ይህ ከሩቡም ያንሳል። ያውም በጣሪያውና በግድግዳው መካከል እጅ በሚያስገባ ቤት።

ጋሸ ወረቀቱን አየት አድርገው «ታዲያ ልጀ፣ ጋቢ ግዛ በለኛ!» አሉኝ።

ጋቢውንም ገዙ፣ ምድጃም አዘዙኝ። ሣጥን የሌለው፣ ቱቦው ጣሪያ የሚያልፍ።