እህቶች፣ እናቶች ወይስ ክቡራት? ሴቶችን በአንድነት ስንጠራ የምንሠራቸው ስህተቶች

አማርኛ አንዲትን ሴት «አንቺ» ብሎ ከወንዱ ይለያታል። ሁለት ሲሆኑ ግን ልዩነቱ ይቀራል፤ ለሴቶችም ለወንዶችም ያለው «እናንተ» ብቻ ነው። ግእዝ «አንትሙ» እና «አንትን» ብሎ ይለያል፤ ትግርኛም «ንስኻትኩም» እና «ንስኻትክን» ይላል። በአማርኛ ግን ለሴቶች ስብሰባ ስንናገር ሴትነቱም አክብሮቱም የሚያርፈው በመጥሪያው ስም ላይ ነው። ስለዚህም አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው እዚያው ነው።

በ«እህቶች» ጀምሮ በ«አንቺ» መጨረስ

በማስታወቂያና በስልክ መልእክት በብዛት የሚታየው ይህ ነው። እንዲህ ይጻፋል፦

«ውድ እህቶች፣ ስልጠናው ቅዳሜ ስለሚጀመር መታወቂያሽን ይዘሽ ከ2፡30 በፊት ተገኝተሽ መመዝገብ ትችያለሽ።»

መጥሪያው ብዙ፣ የቀረው ሁሉ ነጠላ ነው። የሚታረመው አራት ቦታ ላይ ነው፦ መታወቂያችሁን፣ ይዛችሁ፣ ተገኝታችሁ፣ ትችላላችሁ። አንዷን አንባቢ ለብቻዋ ማናገር ከተፈለገ ደግሞ መጥሪያው «ውድ እህቴ» ይሁንና የቀረው እንዳለ ይቆይ። ሁለቱም ያስኬዳሉ፤ መቀላቀሉ ግን አያስኬድም። የስህተቱ ምንጭ «እናንተ» የወንድ ይመስላል የሚል ስጋት ነው። አይደለም። እንዲያውም ብዙ ቁጥር ስንጠቀም «ትችላለህ/ሽ» እያሉ በእዝባር መጨነቅም ይቀራል።

«ክቡራቶች»፣ «ወይዛዝርቶች»

«ክቡራት» ራሱ ብዙ ቁጥር ነው፤ ነጠላው «ክብርት» ነው፣ ሳህለወርቅ ዘውዴ «ክብርት ፕሬዝዳንት» ይባሉ እንደነበረው። «ወይዛዝርት»ም የ«ወይዘሮ» ብዙ ቁጥር ነው። «-ኦች» ሲጨመርበት ብዙው በብዙ ላይ ይደረባል። በየካቲት 29 የሴቶች ቀን መድረኮች ላይ ደግሞ «ክቡራን እህቶች» ሲባል ይሰማል፤ «ክቡራን» የወንዶች ወይም የድብልቅ ነው፣ ለሴቶች ብቻ «ክቡራት እህቶች» ይባላል። ሁለቱም ጾታ ካለ «ክቡራትና ክቡራን»። ግእዙ ምላስ ላይ ካልቀለለ «የተከበራችሁ እህቶች» ማለት ይበቃል፣ ምንም አይጎድልበትም።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። «-ኣት» ሁልጊዜ የሴት ምልክት አይደለም። ምእመናትና መምህራት ሴቶች ናቸው፤ ካህናት፣ ዲያቆናትና ነገሥታት ግን ወንዶች ናቸው። «መነኮሳት» ብሎ የሴቶች ገዳምን ማናገርም እንዲሁ ያሳስታል፤ ሴቶቹ «መነኮሳይያት» ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚናገር ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያጣራ ይሻለዋል።

«ሴት እህቶቻችን»

ወንድ እህት የለችም። «እህቶቻችን» ይበቃል። «ሴት» የሚለው ቃል ቦታ የሚያገኘው ስሙ ጾታ በማይናገርበት ጊዜ ነው፦ ሴት ሾፌሮች፣ ሴት ነጋዴዎች። ያም ቢሆን አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሴት ሐኪሞች ከሆኑ «ሐኪሞች» ብሎ መጥራት ይቀናል፤ ሴትነታቸውን እነሱም ያውቁታል።

ሁሉንም «እናቶች» ማለት

«እናቶች» ትልቅ አክብሮት ያለው ቃል ነው፣ በቦታው ከዋለ። ለክትባት የመጡ፣ ልጅ ያቀፉ ሴቶች እናቶች ናቸው፤ አዛውንቶችም እንዲሁ። የ25 ዓመት ሠራተኞችን ወይም ልጅ ያልወለደችን ሴት ጨምሮ በጅምላ «እናቶቻችን» ሲባል ግን ዕድሜ መጫን ይሆናል፤ ወልዳ ያጣች ወይም መውለድ ያልቻለችም በመካከላቸው ልትኖር ትችላለች። ታክሲ ረዳቱ በ35 ዓመት ሴት ላይ የሚወረውራት «ማዘር»ም ከዚሁ ናት። ዕድሜው የተደባለቀ ከሆነ «እናቶችና እህቶች»፣ ካልታወቀ «እህቶች» ይባል።

«ሴቶች!» ብሎ መጥራት

ስለ ሴቶች ስናወራ «ሴቶች» ደህና ቃል ነው። ፊት ለፊት ሲጠሩበት ግን የቁጣ ድምፅ አለው፤ «እናንተ ሴቶች» ሲሆን ወቀሳ ሊከተል ነው ማለት ነው። «ሴትዮ» ፊት ለፊት ስድብ ነው። «ቆንጆዎች» በሥራ ቦታ አይገባም።

በስም ዝርዝር ላይ ወ/ሮ እና ወ/ሪት መደባለቅ

ይህ የሁሉንም የትዳር ሁኔታ ለጉባኤው ማንበብ ነው፤ ለወንዶቹ «አቶ» ብቻ ሲሆን ደግሞ የባሰ ይጎላል። የትምህርት ወይም የሙያ ማዕረግ ላላቸው ያንን፣ ለቀሩት ሙሉ ስም ብቻ ይጻፍ፤ ወይም እያንዳንዷ ራሷ የመረጠችው ይጠየቅ።

«እናቶቼ፣ ይቀመጡ»

ለአንዲት አዛውንት «እርስዎ» እንላለን፣ «ይቀመጡ» እንላለን። ሦስት ሲሆኑ ግን «እርስዎ» ብዙ ቁጥር የለውም። «ይቀመጡ» ለብዙዎች ሲባል «እነሱ ይቀመጡ» ወደሚለው ይዞራል፤ አጠገባቸው ቆሞ ለሌላ ሰው ስለ እነሱ የሚያዝ ይመስላል። ትክክሉ «እናቶቼ፣ ተቀመጡ» ነው። ድርቅ ያለ ቢመስልም አክብሮቱን «እናቶቼ» ተሸክሞታል። ከመካከላቸው ወደ አንዷ ዞር ሲባል ግን «እርስዎስ፣ እናቴ?» ወደሚለው መመለስ ግድ ነው፤ በ«እናንተ» የለመደ አፍ እዚያ ላይ «አንቺስ?» ብሎ ይስታል። የአንዷን ስም ብቻ ይዞ «እነ እትዬ አስቴር፣ እንዴት ዋላችሁ?» ማለትም ለጎረቤት ቡና ካልሆነ አይመከርም፤ የቀሩት የእትዬ አስቴር ተከታዮች ይሆናሉ።