ከትንንሽ ልጆች ጋር ለጨቅላ ሕፃናት እርዳታ እንዴት መሮጥ ይቻላል?

ሁለተኛ ልጃችን የተወለደችው በ31 ሳምንቷ ነው። ክብደቷ አንድ ኪሎ ተኩል በቅጡ አይሞላም ነበር። አምስት ሳምንት በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ከረመች። እኔና አባቷ እየተፈራረቅን፣ ገላዋን ከገላችን አጣብቀን፣ ደረታችን ላይ እናውላት ነበር። ክፍሉ ውስጥ ጀርባው ወደ ኋላ የሚዘረጋ ሰማያዊ ወንበር አለ። እጅ መደገፊያው ላይ «በሯጮች መዋጮ የተገዛ» የምትል ትንሽ ወረቀት ተለጥፋለች። ያቺን ወረቀት ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት እኔ ነኝ የማውቀው። ከሆስፒታል ስንወጣ «እኛም እንሩጥ» ተባባልን።

ከዚያ ወዲህ በቤተሰብ አራት ጊዜ ሮጠናል። ልጆቹ አሁን 8 እና 3 ዓመታቸው ነው። መጀመሪያ ላይ ብዙ ነገር ስለተሳሳትን፣ እናንተ በዚያው መንገድ እንዳታልፉ የተማርነውን ልንገራችሁ።

1. መጀመሪያ ድርጅቱ፣ ቀጥሎ ሩጫው

ብዙ ሰው ሩጫውን መርጦ ከተመዘገበ በኋላ ነው ድርጅት የሚፈልገው። ተገላቢጦሹ ይሻላል። በሕጋዊ መንገድ የተመዘገበ መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ «ያለፈው ዓመት ገንዘብ ምን ላይ ዋለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥሩ ድርጅት ይህን ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። የኛው «ወንበር፣ የወላጆች ማደሪያና የጡት ወተት መሳቢያ» ብሎ በግልጽ ነገረን። ሰው ገንዘብ ስትጠይቁት የሚገባው እንዲህ ያለ ነገር ነው።

ስለ ጉዳዩም ትንሽ እወቁ፤ መጠየቃችሁ አይቀርም። ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ ሕፃን ያለጊዜው የተወለደ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. 13.4 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት ያለጊዜያቸው እንደተወለዱ ገምቷል። ከአሥር ሕፃናት አንዱ ማለት ነው። እኛ ደረታችን ላይ ያደረግነው ነገር የካንጋሮ እንክብካቤ ይባላል። የተጀመረው በ1978 እ.ኤ.አ. ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ውስጥ ነው። የሕፃናት ማሞቂያ ስላልበቃ ዶክተር ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ እናቶች ልጆቻቸውን በገላቸው እንዲያሞቁ አደረጉ። ማሞቂያ ለመተካት የተጀመረው ነገር ዛሬ ማሞቂያ በሞላበት ሆስፒታልም ይሠራበታል። ይህን ለልጆቻችሁም ንገሯቸው። የኔ ልጅ ለክፍል ጓደኞቹ ሁሉ አውርቶላቸዋል።

ሩጫውን ስትመርጡ ሦስት ነገር እዩ፦ ርቀቱ፣ የልጆች ዝቅተኛ ዕድሜ፣ የሕፃን ጋሪ መፈቀዱ። ብዙ ሩጫዎች ጋሪ አይፈቅዱም። እኛ ደንቡን ሳናነብ ሄደን መነሻው ላይ ከነጋሪያችን ተመልሰናል። አንዳችን ውጪ ቆመን ቀረን። ኖቬምበር 17 ያለጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናት የሚታሰቡበት ዓለም አቀፍ ቀን ነው፤ መለያ ቀለሙም ወይን ጠጅ ነው። በዚያ ሰሞን የሚካሄድ ሩጫ ካገኛችሁ፣ ወይን ጠጅ ቲሸርት ለብሳችሁ ስትመጡ ሰው ራሱ መጥቶ «ምንድነው?» ይላችኋል።

2. የእናት ሰውነትና የሕፃን ጋሪ

በቅርብ የወለደች እናት ቢያንስ 12 ሳምንት ሳይሞላት ሩጫ ባትጀምር ይመረጣል። ከዚያም በኋላ ቢሆን ስትሮጥ ሽንት የሚያመልጣት ከሆነ ወይም ከታች የመክበድ ስሜት ካላት፣ ቆም ብላ ሐኪም ታማክር። «የወለደ ሁሉ እንዲህ ነው» የሚሏትን አትስማ። መፍትሔ አለው።

ጋሪ ላይ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። ተራው የመንሸራሸሪያ ጋሪ ለሩጫ አይሆንም። ፊት ያለው ትንሽ ጎማ ድንጋይ ሲያገኝ ይጠመዘዝና ይገለበጣል። የሩጫ ጋሪ ሦስት ትልልቅ፣ ንፋስ የሚሞሉ ጎማዎች አሉት። ስትሮጡ የፊተኛው ጎማ እንዳይዞር ይቆለፋል። የእጅ ፍሬን እና ከእጅ አንጓ ጋር የሚታሰር ገመድ አለው። ያቺን ገመድ ሁልጊዜ እሰሯት፣ በተለይ ቁልቁለት ላይ። አዲሱ ውድ ነው፤ ያገለገለ ግዙ ወይም ተዋሱ። ፍሬኑንና የወገብ ቀበቶውን ግን ራሳችሁ ሞክሩት።

ሕፃኑ ስንት ወር ሲሞላው? አብዛኞቹ አምራቾችና የሕፃናት ሐኪሞች ከ6 እስከ 8 ወር ይላሉ። አንገቱን አጽንቶ መያዝ አለበት። እዚህ ላይ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ልጆች ወላጆች አንድ ነገር ልብ በሉ። ወሩ የሚቆጠረው ከተወለደበት ቀን ሳይሆን መወለድ ከነበረበት ቀን ነው። ልጄ 8 ወር ሞላት ብዬ ልወጣ ስል ሐኪሟ አስቆመችኝ። ዘጠኝ ሳምንት ቀድማ ስለተወለደች ለዚህ ጉዳይ ገና የ6 ወር ሕፃን ነበረች። ሁለት ወር ጠበቅን።

ስትሮጡ እናንተ ይሞቃችኋል፤ ጋሪ ውስጥ የተቀመጠው ልጅ ግን ይበርደዋል። አልብሱት። ፀሐይ ሲሆን ደግሞ ጋሪውን በጨርቅ አትሸፍኑ፤ ውስጡ በጣም ይግላል። የራሱ ጥላ ይበቃዋል።

3. ልምምድ

ከውድድሩ 8 ሳምንት በፊት ጀምሩ። በሳምንት ሦስት ቀን በቂ ነው። አንድ ደቂቃ ሮጦ አንድ ደቂቃ መራመድ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ሩጫውን ማርዘም። ትንሹ ልጅ እየሮጠ መዝፈን ከቻለ ፍጥነቱ ልክ ነው። ዘፈኑ ከተቆራረጠ ቀንሱለት። ሰዓት አያስፈልግም።

4. መነሻው መስመር

ከሁሉም የከበደን ይሄ ነው፤ ስለዚህ ዘርዘር ላድርገው።

ልጅ እንደ ትልቅ ሰው አይሮጥም። በሙሉ ኃይሉ ይፈተለካል፣ ይቆማል፣ አበባ ያያል፣ እንደገና ይፈተለካል። ብቻውን ሲሆን ይህ ችግር የለውም። መነሻው ላይ ግን ሙዚቃ አለ፣ ማይክ ይጮኻል፣ ሕዝቡ ይገፋል። ፊሽካው ሲነፋ ትልቁም ትንሹም አብሮ ይወረወራል። ልጅ ደግሞ ሰው ሲሮጥ ካየ አይቀመጥም።

የመጀመሪያው ሩጫችን 3 ኪሎ ሜትር ነበር። ልጄ ያኔ 6 ዓመቱ ነበር። ከፊት እንቁም አለኝ፤ እሺ አልኩት። ደስ ብሎት ሲዘል ሳይ እንዴት እንቢ ልበለው? ፊሽካው ተነፋ፣ እጄን ለቀቀ፣ ሄደ። ስደርስበት አምስት መቶ ሜትር ያህል ሄዶ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ጎኑን ይዞ ያለቅሳል። ፊቱ ቀልቷል። ሰው በአጠገባችን ያልፋል። እኔ ደግሞ አንስቼው «አይዞህ፣ ትንሽ ነው የቀረው» አልኩት። ሁለት ኪሎ ተኩል ነበር የቀረው። ትንሽ ሄዶ ዞር ብሎ አየኝ፣ መድረሻው የለም። እንደገና «ትንሽ ቀረ» አልኩት። ሦስተኛ ጊዜ ስለው ጫማውን አወለቀ። አዝዬው ጨረስን። ከዚያ በኋላ ለሦስት ወር የመሮጫ ጫማውን ሊያይ አልፈለገም። ያዘነው በሩጫው አልነበረም፤ ስለዋሸሁት ነው። ይህን የነገረኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ስለዚህ አሁን የምናደርገው እንዲህ ነው።

የምንቆመው መጨረሻ ላይ ነው፤ ከተራማጆቹም ኋላ። ፊሽካው ሲነፋ ወዲያው አንነሳም። እስከ ሠላሳ ጮክ ብለን እንቆጥራለን። መቁጠሩ ለልጁ ሥራ ይሆነዋል፣ ሕዝቡም ይቀለናል። ከዚያ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች እጅ ለእጅ ተያይዘን እንሄዳለን። ይህን ከቤት ሳንወጣ ነው የምንስማማው፤ እዚያ ደርሶ መጨቃጨቅ ዋጋ የለውም። አምስት ደቂቃው ሲያልፍ «አሁን ሩጥ» እለዋለሁ። ያኔ ብዙ ሰው ደክሞት መራመድ ስለሚጀምር፣ እሱ እየቀደመ ይሄዳል። የሚቀድመውን ሰው መቁጠር የሚወደው ነገር ሆኗል።

ርቀቱን ስነግረው ደግሞ እውነቱን እነግረዋለሁ። «ከቤት ትምህርት ቤት ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ» እለዋለሁ። ሲደክመው «ግማሹን አልፈሃል» ወይም «ገና ነው፣ እንራመድ» እለዋለሁ። መራመድ ይፈቀዳል። ማቋረጥም ይፈቀዳል። ማቋረጥ እንደሚፈቀድለት ካወቀ ወዲህ አንድም ጊዜ አቋርጦ አያውቅም።

ሁለት ወላጆች ካላችሁ ሥራውን ተከፋፈሉ፦ አንዱ ጋሪውን፣ ሌላው የሚሮጠውን ልጅ። አብረን እንጨርሳለን የሚለውን ሐሳብ ተዉት፤ አንዱ ሁልጊዜ ሌላውን ይጠብቃል፣ ልጁም ይቀዘቅዛል። መድረሻው አካባቢ የማይሮጥ አንድ ዘመድ ወይም ጓደኛ ቢኖር ደግሞ ግሩም ነው። ዳይፐር፣ ውሃና ሙቅ ልብስ እሱ ይይዛል።

5. ገንዘብ ማሰባሰብ

የመመዝገቢያውን ክፍያ ከኪሳችሁ ክፈሉ። ሰው የሰጠው ሙሉ በሙሉ ለሕፃናቱ ይሂድ። ገንዘቡም በግል ሒሳባችሁ አይግባ፤ በቀጥታ ለድርጅቱ ይግባ። ሰው ቢያምናችሁም እንኳ ለራሳችሁ ይቀልላችኋል።

እኔ መጀመሪያ ያደረግሁት በስልኬ ባሉት ግሩፖች ሁሉ አንድ ረዥም መልእክት መበተን ነበር። ሰው የልብ ምልክት አደረገበት፣ አለፈ። ለሁሉም የተላከ ለማንም አልተላከም። በሁለተኛው ዓመት ስልክ አነሳሁ። በቀን ሦስት ሰው፣ በስሙ ጠርቼ። ስለ ወንበሩ ነገርኳቸው፣ የምፈልገውን መጠን ተናገርኩ፣ ዝም አልኩ። ያ ዝምታ ይከብዳል፤ ግን «ካልተመቸህ ችግር የለም» ብላችሁ አትሙሉት። ሰውየው ያስብ። የመጀመሪያውን መዋጮ ራሳችሁ አስገቡ፣ ቀጥሎ የቅርብ ዘመዶች። ባዶ ዝርዝር ላይ የመጀመሪያ መሆን ማንም አይወድም። መሥሪያ ቤታችሁንም ጠይቁ፤ ሠራተኛው ያሰባሰበውን ያህል የሚጨምሩ አሉ።

ፎቶ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። ልጄ ቱቦ ተሰክቶላት የተነሳችው ፎቶ ብዙ ገንዘብ ያመጣ እንደነበር አውቃለሁ። አላወጣሁትም። ስታድግ እሷ ትወስን። የእግሯን ፎቶ ነው ያወጣሁት፤ ጣቴ ላይ ተደግፎ፣ ከአውራ ጣቴ ያንሳል። እሱ በቂ ነበር።

6. ዋዜማና ዕለቱ

የሩጫ ቁጥሩን ማታውኑ ቲሸርቱ ላይ በመርፌ ቁልፍ አያይዙ፤ ጠዋት ልጅ እየተንጠራራ መርፌ መያዝ ጣጣ ነው። ከቁጥሩ ጀርባ ስልካችሁን ጻፉ። የልጁን ስም ግን ከፊት አትጻፉ፤ የማያውቀው ሰው በስሙ ሊጠራው ይችላል። ብትጠፋፉ የምትገናኙበትን ቦታ አሳዩት፤ በአፍ መንገር ብቻ አይበቃም፣ ወስዳችሁ አስነኩት። አዲስ ጫማ አታድርጉለት። ሩጫው ከመጀመሩ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ፣ ምክንያቱም የመጸዳጃው ሰልፍ ረዥም ነው፣ ልጅ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይሄዳል።

7. ምስጋና

በሁለት ቀን ውስጥ ላኩ። ስንት እንደተሰበሰበና ምን እንደሚገዛ ጻፉ። ልጆቹ ሥዕል ይሳሉበት። ዘንድሮ ትንሿ ልጄ የሳለችው አራት እግር ያለው ሰማያዊ ነገር ነው። አራቱም እግሮች ጫማ አድርገዋል። ምንድነው ስላት «ወንበሩ ነዋ፣ እየሮጠ» አለችኝ። ለሁሉም እሱን ላክንላቸው።