60 ኪሎ እሸት ቡና 30 ሆኖ ሲነበብ፦ የፕሮቶቡፍ ስሪቶች አለመጣጣም

ከጎማ፣ ከማናና ከሊሙ ኮሳ ማጠቢያ ጣቢያዎች የእሸት ቡና ግዢ የሚመዘግብ መተግበሪያ አዲስ ስሪት ቢወጣለት ሁሉም ስልክ ላይ እኩል አይጫንም። ኔትወርክ ያጣ መዝጋቢ የሳምንቱን መረጃ ስልኩ ላይ አጠራቅሞ ጅማ ሲገባ ነው የሚልከው፤ የሚልከውም በአሮጌው ስሪት የተጻፈውን ነው። ሰርቨሩ ሁለቱንም ማንበብ ግድ ይለዋል። መረጃውን ወደ ባይት ቀይሮ የሚጽፈው ፕሮቶቡፍ ደግሞ ፊልድን (የመረጃውን አንድ ክፍል፣ ለምሳሌ ኪሎን) የሚያውቀው በቁጥሩ እንጂ በስሙ አይደለም፤ ከታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህ ሲዘነጋ ነው።

ምልክት፦ ከአንዳንድ ስልኮች የመጣው ኪሎ በግማሽ ቀንሷል፣ ጎዶሎው ቁጥር ደግሞ ኔጋቲቭ ሆኗል። 60 የነበረው 30፣ 61 የነበረው −31።

ምክንያት፦ የፊልዱ ቁጥር ሳይነካ ዓይነቱ ከኢንት32 ወደ ኤስኢንት32 (ሁለቱም የሙሉ ቁጥር ዓይነቶች ናቸው) ተቀይሯል። ሁለቱም በቫሪንት (ርዝመቱ እንደ ቁጥሩ መጠን በሚለያይ የባይት አጻጻፍ) ስለሚጻፉ አንባቢው ምንም ሳይጠረጥር ይቀበላል። ኤስኢንት32 ግን በዚግዛግ (ኔጋቲቩንና ፖዘቲቩን እያፈራረቀ ኮድ በሚሰጥ ስልት) ነው የሚጽፈው፦ −1ን እንደ 1፣ 1ን እንደ 2። የስህተት መልእክት አይወጣም፤ ገበሬው ካስረከበው ቡና ግማሹ ዝም ብሎ ከሒሳብ ይጠፋል። ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ነው።

መፍትሄ፦ አዲሱ ስሪት ገና ካልወጣ ዓይነቱን ወደ ኢንት32 መልሱት። ከወጣ ግን መመለስ ብቻውን ሌላ ጥፋት ያመጣል፤ ከአዲሶቹ ስልኮች የሚመጣው 60 እንደ 120 ይነበባል። ያኔ ሰርቨሩ በመተግበሪያው ስሪት ለይቶ ያንብብ፣ በቀጣዩ ስሪት ኪሎው አዲስ የፊልድ ቁጥር ይሰጠው። ተበላሽቶ የተመዘገበውን ለማቃናት ከአሮጌው ስሪት የመጣውን ብቻ ለዩ፦ ፖዘቲቩን በ2 አባዙ፤ የኔጋቲቩን ምልክት ጥላችሁ በ2 ካባዛችሁ በኋላ 1 ቀንሱ (31 × 2 − 1 = 61)።

ምልክት፦ ቀበሌ በሚለው ዓምድ ስልክ ቁጥር ገብቷል።

ምክንያቱ የተሰረዘ ፊልድ ቁጥር ለሌላ ፊልድ መሰጠቱ ነው። ቁጥር 4 ቀድሞ የገበሬው ስልክ ነበር፣ አሁን ቀበሌ ሆኗል፤ ሁለቱም ጽሑፍ ስለሆኑ ይገጥማሉ። ቀበሌውን ወደ አዲስ ቁጥር አዛውሩና 4ን በሪዘርቭድ ዝጉት፤ ከዚያ በኋላ ማንም መልሶ ልጠቀምበት ቢል ኮምፓይለሩ ይከለክለዋል። ስሙንም አብራችሁ ዝጉ።

ምልክት፦ ከአሮጌ ስልኮች የሚመጣው የእርጥበት መጠን ሁሉ 0 ነው።

የፊልዱ ዓይነት ከፍሎት ወደ ደብል (ሁለቱም የአስርዮሽ ቁጥር ዓይነቶች ናቸው) ተቀይሯል። ፍሎት በ4 ባይት፣ ደብል በ8 ባይት ስለሚጻፍ አንባቢው የመጣውን እንደማይታወቅ ፊልድ ቆጥሮ ያልፈዋል፣ በቦታውም 0 ይሰጣል። ለማረጋገጥ ጥሬውን ባይት በፕሮቶክ (በፕሮቶቡፍ ኮምፓይለር) የዲኮድ ሮው ትእዛዝ ክፈቱ፦ እሴቱ ባለ 8 አሃዝ ሄክሳዴሲማል ከሆነ ፍሎት ነው፣ 16 ከሆነ ደብል። አሮጌውን ፊልድ በቁጥሩ መልሱ፣ ደብሉን በሌላ ቁጥር ጨምሩ፣ ሰርቨሩ ሁለቱንም ይፈልግ። ጥሬው ባይት ካልተቀመጠ ግን የጠፋውን ንባብ ከሰርቨሩ ማግኘት አይቻልም፤ ስለዚህ የደረሰውን ሁሉ ሳይፈቱ ቢያንስ እስከ ለቀማው ማብቂያ አቆዩ።

ያልተለካና 0 የተለካ ካልተለዩ ፊልዱ ላይ ኦፕሽናል ጨምሩ፤ በፕሮቶ3 (በፕሮቶቡፍ ቋንቋ ሦስተኛ ስሪት) ያለ እሱ 0 ጭራሽ አይጻፍም። በጄሰን (ፊልዶችን በስማቸው በሚጽፍ የጽሑፍ ቅርጽ) የምትልኩ ከሆነ ደግሞ ስም መቀየርም ይሰብራል።

አዲስ ስሪት ከመልቀቃችሁ በፊት ከአሮጌው ስሪት የተገኘ እውነተኛ ባይት በፋይል አስቀምጣችሁ በአዲሱ ስኪማ (የፊልዶቹ ቁጥርና ዓይነት በተዘረዘረበት ፋይል) አስነብቡት፤ ሙከራው ውስጥ ጎዶሎ ኪሎ መኖሩን አትርሱ።