ክላውድሳትና ካሊፕሶ ያዩትን ደመና አጣምሮ ማንበብ

የደመናን ውስጥ ማየት ለሚሻ ሰው እኔ ሁልጊዜ የማስጀምረው ክላውድሳትና ካሊፕሶ በተባሉት ሳተላይቶች ነው። ሁለቱ ኤፕሪል 28 ቀን 2006 እ.ኤ.አ. በአንድ ሮኬት መጥቀው፣ ከምድር 705 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ አንዱ የሌላውን ዱካ እየተከተለ በረሩ። በመካከላቸው የነበረው ልዩነት 15 ሰከንድ ገደማ ነው። በዚህች ጊዜ ደመና እምብዛም ስለማይለወጥ፣ የክላውድሳት ራዳርና የካሊፕሶ ሌዘር ያዩት ያንኑ ደመና ነው ብላችሁ ምስሎቻቸውን ማነጻጸር ትችላላችሁ።

ከ2006 አጋማሽ እስከ 2011 መጀመሪያ ያለውን፣ በተለይ የሌሊቱን መረጃ ምረጡ። ቀን ላይ የፀሐይ ብርሃን የሌዘሩን ምልክት ያደበዝዘዋል፤ ክላውድሳት ደግሞ በኤፕሪል 2011 ባትሪው ከታወከ ወዲህ መለካት የቻለው ፀሐይ ባለችበት ብቻ ነው።

ሁለቱን ምስሎች በአንድ የከፍታ መለኪያ አስተካክሉና ሌዘሩን ከላይ ወደ ታች አንብቡ። ራዳሩ የሚስተውን ስስ የበረዶ ደመና የሚያሳየው እሱ ነው። ወፍራም ደመና ሲገጥመው ግን ብርሃኑ ተበትኖ ያልቃል፤ ከዚያ በታች ምስሉ ባዶ ቢሆንም ደመና የለም ማለት አይደለም። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ፣ ሌዘሩ የጠፋበትን ከፍታ በመስመር አመልክቱ።

ከመስመሩ በታች ወደ ራዳሩ ዙሩ። የደመቀ ሁሉ ብዙ ውኃ የያዘ እንዳይመስላችሁ። የራዳሩ ምላሽ በጠብታው ስፋት ስድስተኛ ርቢ ያድጋል፤ ስፋቱ እጥፍ የሆነ አንድ ጠብታ የ64 ትናንሾችን ያህል ይመልሳል። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስደስተኝ ይህ ነው፦ በሌዘሩ ደማቅ፣ በራዳሩ ግን ፈዛዛ የሆነ ዝቅተኛ የውኃ ደመና ጠብታዎቹ ገና ደቃቅ ናቸው፤ ራዳሩም ሲደምቅ ካፊያ መፈጠር ጀምሯል። ከመሬት በላይ እስከ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ግን የመሬቱ ነጸብራቅ ስለሚቀላቀል በራዳሩ ብቻ አትፍረዱ።

በረዶ ይሁን ውኃ ለመለየት የሌዘሩን የፖላራይዜሽን ምስል ተመልከቱ። ክብ ጠብታ የብርሃኑን የንዝረት አቅጣጫ ብዙም አይለውጥም፤ የበረዶ ቅንጣት ግን አብዛኛውን ጊዜ ይለውጠዋል።

ሁለቱም የሚያሳዩት ቀጭን መስመር ብቻ ነው። ዙሪያውን ለማየት ከፊታቸው ይበር የነበረውን የአኳ ሳተላይት ምስል ጨምሩ፤ ሞዲስ የተባለው መሣሪያው 2,330 ኪሎ ሜትር ስፋት ያያል።

የዛሬን ደመና ለምትፈልጉ፣ በሜይ 2024 የመጠቀው ኧርዝኬር ራዳሩንም ሌዘሩንም በአንድ ሳተላይት ይዟል። ራዳሩ ቅንጣቶቹ ወደ ላይና ወደ ታች የሚጓዙበትን ፍጥነትም ይለካል።