ሁሉንም ሠራተኛ በአንድ ድምፅ አትዘዙ

ደብረ ማርቆስ ላይ የግንባታ ፎርማን ሆኜ ስጀምር ሁሉንም የማዝዘው በአንድ ቃና ነበር። 30 ዓመት ግንብ ላይ የቆዩትን ግንበኛ ሳይቀር «ቱምቢውን ይዩት እንጂ!» አልኳቸው፤ ቱምቢ ግንቡ ቀጥ ማለቱ የሚታይበት ገመድ ነው። አልመለሱልኝም። መሣሪያቸውን አስቀምጠው ሻይ ሊጠጡ ሄዱ። ግማሽ ቀን ሥራ ቆመ፤ የእጄን አገኘሁ።

አሁን ከማዘዜ በፊት አንድ ነገር አያለሁ፦ ሰውየው ይህን ሥራ ያውቀዋል? ትናንት ከገጠር ለመጣ ልጅ «አቡካው» ማለት ብቻ አይበቃም። ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ስንት ሳጥን አሸዋ እንደሚገባ አጠገቡ ቆሜ አብሬው እቆጥራለሁ። ግንበኛውን ግን «ጋሼ፣ ይህችን ጥግ እንዴት ብንይዛት ይሻላል?» እላቸዋለሁ። ብዙ ጊዜ የማላውቀውን ይነግሩኛል። ኸርሲና ብላንቻርድ የተባሉ አሜሪካውያን ይህን መሳይ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1969 ጽፈውታል፤ እኔን ያስተማረኝ ግን ያ የሻይ ሰዓት ነው።

አርማታ የሚሞላበት ቀን ለብቻው ነው። ሲሚንቶ ውኃ ከነካው አይጠብቅም፤ ሰማዩም በጮቄ ተራራ በኩል ሊጠቁር ይችላል። ያን ቀን ምክክር የለም፣ አንድ ሰው ያዝዛል። ይህንን ግን ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ንገሯቸው። ድንገት ብትጮኹባቸው ይቀየማሉ። ማታ ሻይ መጋበዝም አይከፋም።